ላልነበረች መነኩሲት የወጣ ተዝካር

በገና ደርዳሪ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ፊቱን አንድ ዓይነት ያደርገዋል፤ አንገቱን ዘንበል፣ ዓይኑን ከደን፣ መዳፉን ደረቱ ላይ። "ውይ፣ በገና፤ እንዴት ያለ ጸጋ ነው" ይለኛል። ቀጥሎ የሚጠይቀኝም ያው ነው፤ "ዘንድሮ ሁዳዴ መቼ ይገባል?" በኛ አገር በገና እንደ ተልባና እንደ ሱፍ የጾም ነገር ነው። ጾሙ ሲገባ ከግድግዳ ይወርዳል፣ ሁለት ወር ያህል ይለቀስበታል፣ የፋሲካ ዕለት ቢላዋው ሲወጣ እሱ ተመልሶ ይሰቀላል። ዓመቱን ሙሉ እንደምደረድር ስነግራቸው እንደ ሕመም ይቆጥሩታል። አንዲት ጎረቤቴ በኅዳር ድምፁን ሰምታ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጥታለች።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። እኔ ደርዳሪ ብቻ አይደለሁም፤ አዲስ መዝሙር እሠራለሁ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ አወጣለሁ፣ ሌሎችም እንዲያወጡ እወተውታለሁ። ይህን ስናገር ደግሞ ያ የተከደነ ዓይን ይገለጣል። "አዲስ? በበገና?" ይላሉ፣ ጠላ በሲኒ ያቀረብኩላቸው ይመስል።

በገና ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው፤ ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አጠገብ ወንበር ዘርግተው ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው በየማለዳው እየመጡ የየራሳቸውን ቅኔ ይነግሯቸዋል። የቅኔ ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ ቅኔ በየቀኑ አዲስ ይሆናል። የትናንቱን የደገመ ተማሪ፣ ወይም የሌላ ሰው ይዞ የመጣ፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ሌባ ነው። እኔ ሴት ስለሆንኩ ጉባኤው መሀል አልቀመጥም፤ ከቤቱ ጀርባ ባቄላ እየፈለፈልኩ እሰማለሁ። ጉባኤው ሲበተን በገናውን ያቀብሉኝና ጣቴን ያስተካክሉልኛል። አሥራ ስድስት ዓመት ግድም ሲሆነኝ የመጀመሪያ መዝሙሬን ሠርቼ ደረደርኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ከየት አመጣሽው?" አሉኝ።

"ከራሴ ነው የኔታ።"

"እንግዲያውስ እዚያው መልሰሽ ክተቺው። በገና ያባቶች ነው።"

በማግሥቱ ጠዋት አንዱን ተማሪ የትናንት ቅኔ ደገምክ ብለው ሲያባርሩት በጆሮዬ ሰማሁ። በዚያ ዕድሜዬ ማክበር ግዴታዬ ነበረና አከበርኳቸው፤ ንቀት የሚባለው ነገር የጀመረኝ ግን ያን ቀን ነው። አንድ አፍ አዲስ ያላመጣውን ያባርራል፣ አዲስ ያመጣችውንም ዝም ያሰኛል። አጎቴ ላይ ብቻ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው የአገሩ ሁሉ ሆኖ አገኘሁት።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ንፋስ መውጫ ከተማ ገባሁ። ከባጃጅ ማቆሚያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በገና ማስተማር ጀመርኩ። ነፋሱ ጣራውን ሲያንኳኳው ይውላል፤ ተማሪ ቅኝቱን ለመያዝ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ሲለጥፍ ቆርቆሮው ይቀድመዋል። በከተማው በየዓመቱ ሁዳዴ ሲጋመስ በአንድ አዳራሽ የበገና ጉባኤ ይደረጋል። የሚያዘጋጀው ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሁለተኛው አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ሁሉም አባ ይላቸዋል። ሦስተኛው ሥራው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ጉባኤው እስኪያልቅ ድረስ ማይክሮፎን ይሞክራል።

ሰብሳቢው ስለ በገና የሚያውቁት አሥር አውታር እንዳለው ነው። አሥሩ የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ መሆኑንም በየዓመቱ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ያስረዱናል። ከዚያ መዝገባቸውን ዘርግተው እያንዳንዱን ደርዳሪ "የማን መዝሙር ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። "ያባቶች" ከተባሉ ብዕራቸው ይሮጣል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት "የራሴ ነው፤ በጥር የሠራሁት" አልኳቸው። ብዕሩ ቆመ። ወደ አባ ዞር አሉ፣ አባም ወደ ጣራው።

"ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ" አሉኝ ሰብሳቢው። "ለጊዜው ግን ያባቶችን አንድ ብታሰሚን።"

ያባቶችን ደረደርኩላቸው። ጉባኤው ሲያልቅ በገናዬ ዘንድ መጡና አውታሩን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ "የበግ አንጀት ድምፁ ሌላ ነው፤ የዛሬ ልጆች ናይለን እያሰሩ አበላሹት እንጂ" አሉኝ። ያሰርኩት ናይለን ነበር። አሮጌና አዲስ የሚለዩልን ሰው እንግዲህ እሳቸው ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መዝሙር ሠራሁ። እዚያችው ክፍል ውስጥ፣ ያ ነፋስ በሩን ሲያላጋው ውሎ የመጣልኝ ነው።

"ነፋስ ደጄን ቢመታው፣ አንተ መስለኸኝ ከፍቼ፣
እነሆ ቁጭ ብያለሁ፣ መብራቴን ለሱ ሰጥቼ።"

ጥሩ መዝሙር ነበር። ስለ ራሴ ሥራ እንዲህ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጥሩ ነበር። እንደ ፊተኛው ታፍኖ እንዲቀር አልፈለግኩም። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አንስተው "የማን ነው?" ሲሉኝ አፌ ቀደመኝ።

"የአንዲት መነኩሲት ነው" አልኩ። "ቤተ ልሔም በኩል የነበሩ። አርፈዋል።"

"ስማቸው ማን ይባላል?"

"ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም ነበር።"

"እንዴት ያለ ትሕትና ነው" አሉና ጻፉ።

ደረደርኩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ። አባ አለቀሱ። ባለ ማይክሮፎኑ ሳይቀር አለቀሰ። እጁም ጉሮሮውም ናይለኑም ባለፈው ዓመት የነበረው ነው፤ የተጨመረችው አንዲት የሞተች መነኩሲት ብቻ ናት። ሲያለቅሱ እያየሁ የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ይህን ያህል ቂል ሕዝብ ፊት ነው እንዴ ዕድሜዬን የምጨርሰው አልኩ።

ከዚያ እማሆይዋ ማደግ ጀመረች። እኔ የሰጠኋት አገርና ሞት ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሰዉ አሟላላት። በዓመቱ ዓይነ ስውር እንደነበረች ሰማሁ። ቀጥሎ በሁዳዴ ከጥሬ ሽምብራ በቀር አትቀምስም ነበር ተባለ። ታች ጋይንቶች ትውልዷ አርብ ገበያ ግድም ነው አሉ፤ የስማዳ ሰዎች ደግሞ የኛ ልጅ ናት፣ ጋይንት የገባችው ለምንኩስና ነው ብለው ተከራከሩ። ላይ ጋይንቶች መቃብሯን አገኙ። አንድ ቀን ተማሪዎቼ ካልሄድን ብለው ጎትተውኝ አየሁት፤ ከአንድ ጽድ ሥር የተከመረ ድንጋይ ነው። አንዲት አሮጊት ድንጋዩን ስማ "ጉልበቴን ፈወሱኝ" አለችኝ። ስትሄድ ግን እንደዚያው ታነክስ ነበር።

ቆይቶ ነገሩ ወደ ተዝካር ዞረ። ሰብሳቢው ክፍሌ ድረስ መጥተው፣ "እኒህን የመሰሉ እናት ተዝካራቸው ሳይወጣ ሊቀሩ ነው፤ ዘመድ እንደሆነ የላቸውም" አሉኝ። ዘመድ ሊኖራት አይችልም ነበር። እኔ ሳመነታ እነሱ ገብስ አሰባስበው ጠላውን ጠመቁ፤ ከፋሲካ በኋላ በግንቦት ድግሱ ቆመ። አባ ለጸሎቱ ሲዘጋጁ ጠሩኝ።

"ክርስትና ስማቸውን ንገሪኛ" አሉ።

በኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ሲጸለይ የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነው። ያለ እሱ ጸሎቱ የማን ነፍስ እንደሆነ አይታወቅም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው፣ አባ ማዕጠንታቸውን ይዘው፣ እኔ መሀላቸው ቆሜ። የዚያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይገባኝ ነበር። በድንጋጤ የመጣልኝ ስም አንድ ብቻ ሆነና እሱን ሰጠኋቸው፤ የራሴን ክርስትና ስም። እንዲህ ሆኖ በቁሜ፣ በጆሮዬ እየሰማሁ ነፍስ ይማር ተባልኩ። ሰው ሁሉ ስሜን እየጠራ ለነፍሴ ዕረፍት ለመነ። ሲያልቅ ከፊት አስቀምጠው እንጀራ አቀረቡልኝ፤ የቅርብ ሰው እኔ ነኛ። በላሁ። ጠላውም ጥሩ ነበር፤ ሁለት ጠጣሁ።

ኑሮዬ የተቃናው ከዚያ ወዲህ ነው። ደብረ ታቦርም ጎንደርም ባሕር ዳርም እየጠሩ አስደረደሩኝ፤ "የእማሆይን መዝሙር የያዘችው" እየተባልኩ። ስለ በገና ንግግር የሚያደርጉ የተማሩ ሰዎች አጠገቤ ቆመው፣ ይህ ዜማ የዛሬ ሰው ሊደርስበት እንደማይችል በሰፊው ሲያብራሩ ሰምቻለሁ። አንዱ ሁለተኛው ስንኝ ውስጥ የጥንት ጋይንት መነኮሳትን አኗኗር አገኘበት። እኔ ያገኘሁት የቤት ኪራይ ያስጨነቃትን የንፋስ መውጫ ሴት ነው፤ ግን ማን ጠየቀኝ። አንድ ጊዜ ያን በመጀመሪያው ዓመት የታፈነውን መዝሙሬን ጣል ላደርግ ሞከርኩ። "የእማሆይ ነው?" አሉኝ። "አይደለም" ስል ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ተውኩት።

በምትኩ ተማሪዎቼን ያዝኩ። ክፍሌን እንደ ቅኔ ቤት አደረግኳት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም የራሱን አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል፣ የድሮ የደገመ ይሳቅበታል። አብዛኛው የሚያመጡት የሚያሳፍር ነበር። "ከንቱ ዓለም" የሚለውን ካነሱ በኋላ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ስለ አዲስ መዝሙር እየዞርኩ ተከራከርኩ፣ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ከአባ ጋር ተጣላሁ። ጊዜዬ በዚህ ያልቅ ነበር፤ ቢያንስ ለሰው የምለው እንደዚያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከስማዳ የምትመላለስ ተማሪዬ ተራዋ ደረሰ። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ሥራዋ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረች ከብት መከተብ ነው። ጣቷ ወፍራም፣ አያያዟ ሻካራ፣ በገናውን እንደ ጥጃ ታቅፋ ነው የምትይዘው። ከዚያ በፊት ይህ ነው የሚባል ነገር አምጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ሳጥኑን ደረቷ ላይ አስጠግታ በዝግታ ጀመረች።

"አንዱ በሬዬ ሞተ፣ አንዱ ቆሞ ቀረ፤
ና እንቀናጅ ጌታ፣ መሬቴ ጾም አደረ።"

ገበሬ አንድ በሬ ሲቀረው፣ አንድ በሬ ያለው ሌላ ገበሬ ፈልጎ ሁለቱን ይጠምዳሉ፤ አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። ይህች ሴት እግዚአብሔርን የጎረቤት ገበሬ አድርጋ፣ በሬህን ይዘህ ና፣ አብረን እንረስ አለችው። ከዚያ በኋላ ያለው ስንኝ ሁሉ እርሻ ነው፤ ሞፈሩ፣ ድርቆሹ፣ በሬው የተቀበረበት ጉድጓድ። ልመናም ምስጋናም በቃሉ አልተጠራም፤ ሁለቱም ግን አሉ።

"ከማን ተማርሽው?" አልኳት ስትጨርስ።

ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ያን የሦስት ሰው ኮሚቴ እየናቅኩ የኖርኩት፣ ተዝካሬን በቁሜ የበላሁት እኔ። ጥሩ ስለሆነ የድሮ መሰለኝ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው ብል አልተመለሰም።

"ከማንም አይዶለም" አለች። "አንድ ቤት ልከትብ ስሄድ በሬያቸውን ሊቀብሩ ሲቆፍሩ ደረስሁ። አባወራው ከቀረው በሬ አጠገብ ቆሞ 'እንግዲህ ካንተ ጋር ማን ይቀናጃል' ይለዋል። ስመለስ መንገድ ላይ መጣልኝ።"

ተማሪዎቹ ሲወጡ እሷ ቀረች። መዝሙሩን በዘንድሮው ጉባኤ ልትደረድረው ፈልጋለች፤ አንድ ነገር ግን አስጨንቋታል።

"የማን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?" አለችኝ። "እርስዎ እማሆይን የመሰለ ሰው አግኝተዋል። እኔ ማንንም አላገኘሁ። የራሴ ነው ካልሁ አያስደረድሩኝም፤ የሌላ ሰው ነው ካልሁ ደግሞ ያን አባወራ ከነሐዘኑ የሸጥሁት ይመስለኛል።"

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ይህች ሴት ወይ ትዋሻለች፣ ወይ መዝሙሯ ታፍኖ ይቀራል፤ ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ያደረጋት ደግሞ የኔ ውሸት ነው። እማሆይዋ ባትኖር ኖሮ ኮሚቴው ጅል ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን ማስረጃ አለው፤ ጥሩ ነገር ሁሉ ከሞተ ሰው እንደሚመጣ በየዓመቱ እኔ ራሴ አረጋግጬለታለሁ። እውነቱን ነገርኳት። ስለ ተዝካሩ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"ስምዎን ለምን ሰጧት?" ብቻ አለች።

"ጉባኤው ላይ እነግራቸዋለሁ" አልኳት። "አንቺ የራሴ ነው በይ።"

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሰብሳቢው አሥርቱን ትእዛዛት ጨርሰው ወደ እኔ ዞሩና "የእማሆይን መዝሙር" ብለው ጋበዙኝ። በገናውን ሳላነሳ ቆምኩ። "እማሆይ የሚባሉ ሰው አልነበሩም" አልኩ። "መዝሙሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ተዝካሩ ላይ የጸለያችሁበት ክርስትና ስምም የኔ ነው። ዋሽቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።"

ድንጋይ ይወረውሩብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰብሳቢው ሳቁ። የልጅ ነገር ሲሰማ የሚሳቀውን ሳቅ።

"ልጄ፣ በዚያ ክርስትና ስም የምትጠራ ሴት በጋይንት ሞልታለች" አሉኝ። "የሳቸውን ስም መያዝሽ በረከት ነው እንጂ ምን ያስክዳል?"

አባ ግን አልሳቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"እኔ በእጄ ያቆረብኋቸውን ሴት አልነበሩም ትይኛለሽ?"

"መቼ ነው ያቆረቧቸው አባ?"

"ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ነዋ" አሉ። "እጃቸውን ይዤ ነው ያስጠጋኋቸው።"

ዓይኗን ያጠፋው የሰዉ ወሬ እንደነበር እዚያ ቆሜ አሰብኩ። ሽማግሌው አልዋሹም፤ ያንን ማየት ይቻል ነበር። እጇን በእርግጥ ያስታውሱታል። ከኋላ አንዲት ሴት እናቷ ሽምብራ ትወስድላቸው እንደነበር መሰከረች። ሌላው "የሞተ ሰው ሥራ መንጠቅ ነውር ነው" አለ። "ዝና ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል" ያለም ነበር። ስዋሽ አምነው አልቅሰው ነበር፤ እውነት ስናገር ሌባ ሆንኩ። አቅፈው አስቀመጡኝ፣ ውኃ ሰጡኝ፣ ባለ ማይክሮፎኑ "ትንሽ ደክሟት ነው" ብሎ ለሕዝቡ አስታወቀ። ያን ዕለት የጠላኋቸውን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ተማሪዬ ይህን ሁሉ አይታለች። ስሟ ሲጠራ በገናዋን ይዛ ትወጣለች ብዬ ነበር፤ ወደ ፊት ሄዳ ተቀመጠች።

"የማን መዝሙር ነው?" አሉ ሰብሳቢው።

"የራሴ።"

"አንቺም?" አሉ፤ አዳራሹ ሳቀ። ብዕሩ ቆመ። "ያባቶችን አንድ—"

"ያባቶችን አልችልም" አለች። "ያለኝ ይኸው ነው።" ፈቃዳቸውን ሳትጠብቅ ጀመረች።

የመጀመሪያው ስንኝ ላይ አባ አቋረጧት። "ቆይ እስቲ፤ እግዚአብሔር በሬ አለው እንዴ?"

"ምድር ሁሉ የሱ ከሆነች በሬ ቢኖረው ምን ይገርማል አባ?" አለችና ቀጠለች። ማንም አላለቀሰም። ከፊት ያሉት ተንጠራሩ፣ አንዳንዱ ወጣ፣ ሰብሳቢው መዝገባቸውን ዘጉ። እስከ መጨረሻው ደረደረች። ስንወጣ በሩ ላይ አንድ ጋቢ የለበሰ ገበሬ ጠበቃት።

"በሬው ምን ሆኖ ነው የሞተው?" አላት።

"አባ ሰንጋ ይዞት።"

"አልተከተበም ነበር?"

"አልደረስንላቸውም" አለች። እሱም ራሱን ነቀነቀና፣ የኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ ሄደብኝ አላት። ቆመው ስለ ክትባት ብዙ አወሩ። በዚያ አዳራሽ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስለ በገና የሰማሁት አንድ ቁም ነገር ያ ነው።

እኔን ከዚያ ወዲህ በየከተማው መጥራት ተዉ። የእማሆይን መዝሙር ሌሎች ይደረድሩታል፤ "የሚገባቸውን ክብር የሚሰጡ" እየተባሉ። እኔ ክፍሌ ተቀምጬ ሰዉን ስረግም ከረምኩ።

በሚቀጥለው ሁዳዴ አንድ ዓርብ ለጉዳይ አርብ ገበያ ወርጄ ነበር። እህል ተራውን ሳልፍ ከአንድ ስልክ ቤት ድምፅ ማጉያ በገና ሰማሁ። ቆምኩ። የማላውቀው ወንድ ድምፅ ነው፤ መዝሙሩ ግን የሷ ነው፣ "ና እንቀናጅ ጌታ"። ሁለት ሴቶች አህያቸውን አቁመው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። ባለ ሱቁን የማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"የእማሆይ ነዋ" አለኝ። "ሁለተኛው መዝሙራቸው። ዘንድሮ ነው የተገኘ።"

ደሜ ፈላ። ተማሪዬ ወደዚያው ወደ ታች ጋይንት ተዛውራ እንደምትሠራ አውቅ ነበርና በቀጥታ ወደ ከብት ተራው ገሰገስኩ። ከአጥሩ አጠገብ የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ፣ መርፌዋን ይዛ፣ አንዲት ቀይ ላም አንገት ላይ ቆዳውን ስታነሳ አገኘኋት። የሰማሁትን ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳት። ኮሚቴውን እንከሳለን አልኳት፣ ባለ ሱቁን እናስቀጣለን፣ እመሰክርልሻለሁ። ላሟን ወግታ ለቀቀቻት፣ እጇን በሣር ጠረገች።

"ሰምቻለሁ" አለች። "ይበሏ። ሰዉ በሬ ሲሞትበት ሲዘፍነው ሰማሁ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።"

"ያንቺ እኮ ነው። ሌቦች ናቸው።"

"እኔ ከዚያ ወዲህ አራት ሠርቻለሁ" አለች። "አንዱ ይቀረዋል እንጂ አምስት ናቸው። ቅዳሜ መጥቼ ላሰማዎት ነበር።" ቀጣዩን ጥጃ እየጎተቱ አመጡላት፤ መርፌውን ሞላች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ምንም ክፋት ሳይኖርባት፣ ከልቧ ለማወቅ ፈልጋ ጠየቀችኝ።

"እርስዎስ? እስከ ዛሬ አዲስ ነገር ሲደረድሩ አልሰማሁም። ከመቼ ወዲህ ነው ያልሠሩት?"

ባለ ጥጃው ገመዱን ይዞ እየጠበቀ ነበር። ጊዜ አጣሁ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ተማሪ በዛብኝ፣ ኮሚቴው፣ ደብዳቤው፣ ሰዉ። አንዱም አልወጣልኝ አለ።

"ከእማሆይ ወዲህ" አልኳት።